ሕመምን ከምንጩ መያዝ፦ የአካባቢ ማደንዘዣ በአፍንጫና በሳይነስ ቀዶ ሕክምና

ከአፍንጫና ከሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት አጥንቶች ውስጥ ካሉት ክፍተቶች፣ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ሕመም በአብዛኛው ከቀላል እስከ መካከለኛ የሚባል ነው። የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲሆን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እየቀለለ ይሄዳል። ሁሉም ቀዶ ሕክምና ግን እኩል አያምም። በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ብርሃንና መነፅር ባለው ቀጭን ዘንግ እየታየ የሚደረገው የሳይነስ ጽዳት፣ ብዙ ታካሚዎች ፈርተውት ከነበረው በታች ነው የሚያማቸው። የግራና የቀኙን ቀዳዳ የሚለየውን ግድግዳ፣ ሴፕተምን፣ ማቃናት ከዚያ ይብሳል። አጥንቱ ተሰብሮ የአፍንጫው ቅርፅ የሚስተካከልበት ቀዶ ሕክምና ደግሞ ፊትን ዓይን ሥር ድረስ ያሳብጣል፤ ሕመሙም የዚያኑ ያህል ነው።

ታካሚው «አመመኝ» ከሚለው ውስጥ የተወሰነው በቀጥታ ከቁስሉ የሚመጣ አይደለም። ውስጡ ያበጠና በደም የተደፈነ አፍንጫ ራስን ያከብዳል፤ ግንባርንና ጉንጭን ወጥሮ ይይዛል። በአፍ መተንፈስ ጉሮሮን ያደርቃል፤ እንቅልፍም ይነሳል። የተዋጠ ደም ያቅለሸልሻል። ይህን ሁሉ በአንድ ጠንካራ ማስታገሻ ለማጥፋት መሞከር ትክክለኛ መንገድ አይደለም። ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል የሚገኙበት የመድኃኒት ቤተሰብ ራሱ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ያደነዝዛል፤ መጠኑ ሲበዛም ትንፋሽን ያዘገያል። አፍንጫው ተደፍኖ በአፉ ብቻ ለሚተነፍስ ሰው፣ በተለይም ሌሊት ለሚያንኮራፋና በእንቅልፍ ልቡ ትንፋሹ ለሚቆራረጥ ሰው፣ ይህ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ማስመለሱም በራስ የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ አድርጎ የቆመውን ነስር ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስለዚህ የአንገት በላይ ሐኪሞችና የሰመመን ባለሙያዎች ሕመሙን ከምንጩ፣ ገና ነርቩ ላይ እንዳለ ለመያዝ ይጥራሉ። መሣሪያቸው የአካባቢ ማደንዘዣ ነው፤ ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋው ዓይነት መድኃኒት። ታካሚው በሙሉ ሰመመን ተኝቶም እንኳ ይህ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው «ከተኛሁ ወዲያ መርፌው ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰመመኑ ሰውዬው ሕመሙን እንዳያውቅ ያደርጋል እንጂ የተቆረጠው አካል መልእክቱን ወደ አንጎል ከመላክ አያግደውም። የአካባቢ ማደንዘዣው ግን መልእክቱን በሥፍራው ያቆመዋል፤ ታካሚው ከነቃም በኋላ ለሰዓታት ይሠራል። በጣም የሚያመው ጊዜ አጭር ስለሆነ እነዚያ ሰዓታት ትልቅ ዋጋ አላቸው።

የአፍንጫ ነርቮች

አፍንጫና ሳይነሶች ሕመም የሚሰማቸው በአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ በትራይጀሚናል፣ አማካይነት ነው። ይህ ነርቭ በግራና በቀኝ በኩል ሦስት ሦስት ዋና ቅርንጫፎች አሉት። የላይኛው ቅርንጫፍ በዓይን ጉድጓድ በኩል ዞሮ ወደ አፍንጫ የላይኛውና የፊተኛው ክፍል ይወርዳል። መካከለኛው የጉንጩን ሳይነስ፣ የላይኞቹን ጥርሶች፣ ላንቃንና የአፍንጫን የኋላ ክፍል ያዳርሳል። የታችኛው የአገጭና የምላስ ስለሆነ ከአፍንጫ ጋር ጉዳይ የለውም። የጉንጭ ሳይነሱ የተጸዳለት ታካሚ ጥርሱን ሳይነካ የላይኛው መንጋጋው የሚጠዘጥዘው፣ ሴፕተሙ የተቃናለት ሰው ደግሞ የፊት ጥርሶቹ ለሳምንታት የደነዘዙ የሚመስለው በዚህ የነርቭ ዝምድና ነው።

ከመካከለኛው ቅርንጫፍ ላይ ስፊኖፓላታይን ጋንግሊዮን የተባለ የነርቭ ቋጠሮ አለ። ቦታው በአፍንጫ መጨረሻ ላይ፣ መካከለኛው ተርቢኔት በሚያበቃበት፣ ከስሱ ሽፋን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ጠልቆ ነው። ተርቢኔት የሚባለው ከአፍንጫ የጎን ግድግዳ እንደ መደርደሪያ ብቅ ብሎ የተጠቀለለው አጥንት ነው። ከአፍንጫው የኋላ ክፍልና ከላንቃ የሚመጡት የስሜት ክሮች በዚህ ቋጠሮ በኩል ያልፋሉ፤ ወደ አፍንጫ ከሚገባው ደም አብዛኛውን የሚያመጣው ቧንቧም ከጎኑ ይገኛል። አንድ ሰው በጥቂት ሚሊ ሊትር መድኃኒት ብዙ ቦታ ማደንዘዝ ከፈለገ በአፍንጫ አካባቢ ከዚህ የተሻለ ሥፍራ አያገኝም።

ማደንዘዣው እንዴት ይሠራል?

ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ነው። በነርቩ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲከፈቱ የሶዲየም ቅንጣቶች ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ይህ ክስተት ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው እየተዛመተ አንጎል ይደርሳል። ሊዶኬይንና ዘመዶቹ በሽፋኑ አልፈው ወደ ነርቩ ከገቡ በኋላ እነዚህን ቀዳዳዎች ከውስጥ በኩል ይዘጋሉ። ሶዲየም ካልገባ መልእክት የለም። መድኃኒቱ በደም እየታጠበ ሲሄድ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ ነርቩም አንዳች ሳይጎዳ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ሕመም የሚያመላልሱት ቀጫጭን ክሮች ቀድመው ስለሚደነዝዙ ታካሚው ሕመም ሳይሰማው መነካትና መገፋት ሊሰማው ይችላል፤ ይህ ማደንዘዣው አለመሥራቱን አያሳይም። ሁለተኛው ይበልጥ ያስቸግራል። መድኃኒቱ ሽፋኑን የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሙል በሌለው መልኩ ሲሆን ነው፤ ያበጠና የመገለ ሥጋ አሲድ ስለሚበዛበት አብዛኛውን መድኃኒት ወደማያልፈው መልክ ይለውጠዋል። የቆሰለ ሳይነስና የመገለ ጥርስ በቀላሉ የማይደነዝዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሙም ከቁስሉ ራቅ ብሎ የነርቩን ግንድ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ከኮኬይን እስከ ሊዶኬይን

አፍንጫ በአካባቢ ማደንዘዣ ታሪክ ውስጥ ቀድመው ከተሞከሩት አካላት አንዱ ነው። ካርል ኮለር የተባለ ወጣት የቪየና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 ከኮካ ቅጠል የሚወጣው ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አገኘ። ግኝቱ መስከረም 15 ቀን 1884 እ.ኤ.አ. ሃይደልበርግ ላይ በተደረገ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ሲቀርብ ኮለር የጉዞ ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሐኪም ነው። ያው ዓመት ሳያልቅ ኤድሙንድ ዬሊኔክ መድኃኒቱን በዚያው በቪየና ለአፍንጫና ለጉሮሮ ተጠቀመበት። ኮኬይን ለአፍንጫ ሁለት ጥቅም በአንድ ጊዜ ሰጠ፤ ሕመሙን ያጠፋል፣ የደም ሥሮችንም አኮማትሮ መድማቱን ይቀንሳል። ግን ሱስ ያስይዛል፤ ልብንም ይጎዳል። ነርቭን በመርፌ የማደንዘዝን ዘዴ በኒውዮርክ ያስፋፋው ታላቁ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሆልስቴድ በራሱ ላይ ሲሞክር በሱሱ ተይዞ ዕድሜውን ሙሉ ታግሏል።

ኮኬይንን የሚተካ መድኃኒት ፍለጋው ብዙ ዓመት ወሰደ። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ አይንሆርን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኖቮኬይንን ሠራ፤ የአገሩ ሰው ሃይንሪክ ብራውን አድሬናሊንን ከማደንዘዣ ጋር መቀላቀል መድኃኒቱን እንደሚያቆየው አሳየ። በ1943 እ.ኤ.አ. ስዊድናውያኑ ኒልስ ሎፍግሬንና ቤንግት ሉንድክቪስት ሊዶኬይንን ሠሩ፤ ሉንድክቪስት የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች የወጋው ራሱን ነበር። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ሊዶኬይን ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ማደንዘዣዎች አንዱ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ስዊድን ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት የሚቆየው ቡፒቫኬይን ተገኘ። ሁለቱም በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ፤ ውድ አይደሉም፤ የተራቀቀ መሣሪያም አይጠይቁም።

በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ

ሥራው የሚጀምረው ከመጀመሪያው መቆረጥ በፊት ነው። ሐኪሙ ሊዶኬይንና አድሬናሊን የተነከረ ጥጥ ወይም ክር ያለው ትንሽ ጨርቅ በመቆንጠጫ ይዞ በአፍንጫው ወለል፣ በተርቢኔቶቹ መካከልና በጣሪያው በኩል አንድ በአንድ ያስቀምጥና 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ጨርቁ ሲወጣ ቀይ የነበረው ሽፋን ነጥቶና ተኮማትሮ ይታያል፤ ጠባብ የነበረው መተላለፊያም ይሰፋል። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከሽፋኑ ሥር ጥቂት በጥቂት ይወጋል፤ መድኃኒቱ በተሰራጨበት ልክ ሽፋኑ እየነጣ ሲሄድ በኢንዶስኮፑ ማያ ላይ በግልጽ ይታያል። ይህ ንጣት ለሐኪሙ ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ ማደንዘዣው ቦታውን እንደያዘና ደሙ እንደሚቀንስ። በኢንዶስኮፕ ሥራ ደም መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዲት ጠብታ መነፅሩን ከሸፈነችው ሐኪሙ ከዓይንና ከአንጎል ጎን እየሠራ ማየት ያቅተዋል።

ወደ ነርቭ ቋጠሮው የሚደረሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአፍንጫ ውስጥ ሲሆን መርፌው ከመካከለኛው ተርቢኔት ጫፍ ኋላ ይወጋል፤ ወይም ማደንዘዣ የተነከረ ጥጥ እዚያው ላይ ይቀመጥና መድኃኒቱ በስሱ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ ይደርሳል። ይህን የጥጥ ዘዴ አሜሪካዊው የአፍንጫ ሐኪም ግሪንፊልድ ስሉደር ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፊት ሕመም ሲጠቀምበት ኖሯል። ሌላው መንገድ በአፍ በኩል ነው። በጠንካራው ላንቃ ላይ፣ ከኋለኞቹ የላይኛ መንጋጋ ጥርሶች አጠገብ፣ አንድ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ወደ ላይ የሚወስድ ቦይም አለው። መርፌው ከጫፉ 25 ሚሊ ሜትር ላይ ጎበጥ ተደርጎ በዚህ ቦይ ይገባል። ጎበጥ የሚደረገው ከሚገባው በላይ እንዳይጠልቅ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ዓይን ጉድጓድ ሊደርስ፣ ለጊዜውም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ የሚያሳይ ችግር ሊያስከትል ይችላል። መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት የመርፌው እጀታ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ደም ከመጣ ጫፉ በደም ሥር ውስጥ ነውና ቦታው ይለወጣል።

ይህ የነርቭ ቋጠሮ ማደንዘዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም በብዙ ንጽጽር ጥናቶች ተፈትሿል። ውጤታቸው ሁሉም አንድ ባይሆንም በጠቅላላው የሚያሳዩት ማደንዘዣው የተሰጣቸው ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕመማቸው ቀለል እንደሚልና ተጨማሪ ማስታገሻ የሚጠይቁትም ያነሱ መሆናቸውን ነው። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይጠፋል። ከዚህ በላይ ተስፋ መስጠት ታካሚውን ማታለል ይሆናል። በጣም የሚያመውን የመጀመሪያ ምሽት ማቅለሉ ግን ለአንድ መርፌ ያንሳል አይባልም።

ሊዶኬይን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት፣ ከአድሬናሊን ጋር ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ይቆያል። ቡፒቫኬይን ለመያዝ ዘግየት ይላል፤ ከያዘ ግን ከ4 እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናውን በሊዶኬይን ይጀምሩና ሊያበቁ ሲሉ ቡፒቫኬይን ይጨምራሉ።

የመጠን ጉዳይ

ማደንዘዣ በልክ ሲሰጥ ደህና መድኃኒት ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ሊገድል ይችላል። ለሊዶኬይን የተለመደው ጣሪያ ያለ አድሬናሊን በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም፣ ከአድሬናሊን ጋር በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ነው፤ ለቡፒቫኬይን በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ከአድሬናሊን ጋር 420 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን ይችላል፤ ይህም ባለ 2 ፐርሰንት ከሆነው 21 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን ያለ አድሬናሊን የሚችለው 3 ሚሊ ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ባለ 10 ፐርሰንቱ የሊዶኬይን ስፕሬይ በአንድ ግፊት 10 ሚሊ ግራም ይረጫል፤ ለአዋቂ ምንም ያልሆኑት ጥቂት ግፊቶች የሕፃኑን ድርሻ ይጨርሳሉ። የአፍንጫ ሽፋን በደም ሥር የተሞላ በመሆኑ የተረጨውም፣ በጥጥ የተቀመጠውም፣ የተወጋውም ወደ ደም ይገባል። ሁለት ዓይነት ማደንዘዣ ሲቀላቀል የሁለቱም ጉዳት ይደመራል። ለየብቻ እያሰቡ መደመርን መርሳት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ስሕተት ነው።

መጠኑ ሲያልፍ የነቃ ታካሚ ምላሱና ከንፈሩ ይነዝረዋል፤ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፤ ጆሮው ይጮኻል፤ ያዞረዋል። ሲብስ ይንቀጠቀጣል፤ የልብ ምቱ ይዛባል፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። በሙሉ ሰመመን የተኛ ሰው ግን መናገር ስለማይችል የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አይታወቁም፤ ያኔ የልብ መቆጣጠሪያ ማሽኑ ላይ ዓይንን ከመትከል ሌላ ዘዴ የለም። ለዚህ አደጋ ዛሬ መድኃኒት አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር በደም ሥር የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ በቡፒቫኬይን የተመረዘን ልብ እንደሚያድን አሳየ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰው ላይ መሥራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ወጣ። ባለ 20 ፐርሰንቱ ፈሳሽ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ይጀመራል። ነርቭ በብዛት የሚደነዝዝበት ማንኛውም ሆስፒታል ይህ ፈሳሽ በቅርብ ሊኖረው ይገባል።

አድሬናሊንም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በጥጥ ተነክሮ የሚቀመጠው 1:1000 የሆነው ኃይለኛ ዓይነት ነው፤ የሚወጋው ግን 1:100,000 ወይም 1:200,000 ሆኖ የቀጠነው ነው። ሁለቱ ተምታተው ኃይለኛው ቢወጋ ግፊት ጣሪያ ይነካል፤ ልብም አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ለጥጥ የሚሆነውን በቀለም ያቀልሙታል። ታካሚው የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለበት፣ የእንቅርት ሆርሞኑ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ሳይደብቅ መናገር አለበት። ጫት የሚቅም ሰውም እንዲሁ፤ ጫት ልክ እንደ አድሬናሊን የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ይባባሳል። በሌላ በኩል፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ከተወጋ በኋላ ልቡ የመታበት ሰው ብዙውን ጊዜ «ማደንዘዣ አይስማማኝም» ይላል፤ ያ የአድሬናሊኑ ሥራ ነው እንጂ አለርጂ አይደለም። ለሊዶኬይን እውነተኛ አለርጂ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ጎዙ ሲወጣ

ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በላይ የሚፈሩት፣ ሲያወሩም ደጋግመው የሚያነሡት፣ አፍንጫ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጎዝ የሚወጣበትን ደቂቃ ነው። ብዙውን ጊዜ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ማደንዘዣ ጠፍቷል፤ ደምና ፈሳሽም ጎዙን ከቁስሉ ጋር አድርቆ አጣብቆታል። በደረቁ መሳብ ጭካኔ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። ከሚወጣበት ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ማስታገሻ ክኒን መስጠት፣ ከዚያም ጎዙን በሊዶኬይን አርሶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ሕመሙን በግልጽ ይቀንሳል። ታካሚው ጋደም ብሎ ቢሆን ይሻላል፤ ጎዙ ሲሳብ ግፊቱ ወርዶ ራሱን የሚስት ሰው አለ። ገና ቀዶ ሕክምናው ሲያበቃ በሚቀመጠው ስፖንጅ ላይ ቡፒቫኬይን ማፍሰስም የመጀመሪያውን ምሽት እንደሚያቀል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስፈላጊ ካልሆነ ጎዝ አለመጠቅጠቅ ነው። ሴፕተም ተቃንቶ ግራና ቀኙ በሚሟሟ ክር ሲጣበቅ ብዙ ጊዜ ጎዝ አይፈለግም፤ ከሳይነስ ጽዳት በኋላም ራሱ የሚሟሟ ስፖንጅ አለ። ብዙ ሐኪሞች ወደዚህ መንገድ መዞራቸው ለታካሚው ከማንኛውም ማስታገሻ ያልተናነሰ ጥቅም አለው።

ማደንዘዣው ሲለቅ

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቡፒቫኬይን የተወጋ ታካሚ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደንዘዣው ይለቀዋል። እስከዚያ ድረስ ምንም ስለማይሰማው «አላመመኝም» ብሎ ክኒኑን ይተወዋል፤ ሕመሙ የሚመጣው ቤቱ ከገባ፣ መድኃኒት ቤቱም ከተዘጋ በኋላ ይሆናል። ከበረታ ወዲያ ደግሞ ለመመለስ ያስቸግራል። የመጀመሪያው ክኒን መዋጥ ያለበት ድንዛዜው ሳይለቅ ነው። ለዚህም የአዋቂ ታካሚ መነሻ መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው፤ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ። በቀዶ ሕክምናው ወቅት በደም ሥር ፓራሲታሞል ተሰጥቶ ከሆነ ሰዓቱ ከዚያ ይቆጠራል፤ ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው አብረው አይወሰዱም። ድንዛዜው ጉሮሮና ላንቃ ላይ ከደረሰ እስኪለቅ ድረስ አለመብላትና አለመጠጣት ያስፈልጋል፤ ላንቃው የደነዘዘ ሰው ትኩስ ቡና ቢጠጣ መቃጠሉን አያውቅም፤ ጉሮሮው የደነዘዘም ሊታነቅ ይችላል።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም ያፈሳሉ በሚል ፍራቻ ለረጅም ጊዜ ሲከለከሉ ኖረዋል። አስፕሪን አሁንም አይወሰድም። አይቡፕሮፌን ግን ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ መድማትን አልጨመረም የሚል ውጤት ያገኙ ጥናቶች ስላሉ ሐኪሞች ከፓራሲታሞል ጋር እያፈራረቁ ማዘዝ ጀምረዋል። በባዶ ሆድ ጨጓራን ስለሚያቃጥል በጾም ቀን የሚወስደው ሰው ከምግብ በኋላ እንዲሆን ሰዓቱን ማስተካከል አለበት። አንድ ወገን ግን እነዚህን መድኃኒቶች ጨርሶ ሊነካቸው አይገባም። አስም ያለባቸውና አፍንጫቸው ውስጥ ፖሊፕ የሚባል የሥጋ እብጠት የሚያበቅል ሰዎች አንዳንዶቹ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን ሲወስዱ ትንፋሻቸው ይዘጋል። ለሳይነስ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡት መካከል ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ይገኛሉ።

ኮዴይንና ትራማዶልን በሚመለከት ለኢትዮጵያውያን የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮዴይን ራሱ ብዙም ማስታገሻ አይደለም፤ ጉበት ውስጥ አንድ ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። ትራማዶልም በዚሁ ኤንዛይም ይበረታል። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን ውስጥ 29 ያህሉ የዚህ ኤንዛይም ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ፤ በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ነው። ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው የተለመደውን መጠን ቢወስድም በፍጥነት ብዙ ሞርፊን ሊሠራ፣ ከልክ በላይ ሊደነዝዝና ትንፋሹ ሊዘገይ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ አግዷል፤ ለሚያጠቡ እናቶችም አይመክራቸውም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም የሚታከም ኢትዮጵያዊ ይህን ለሐኪሙ ቢያነሣ ተገቢ ነው፤ ሐኪሙ ስለ ሌላ ሕዝብ በተማረው ልክ ሊያዝለት ይችላልና። የአካባቢ ማደንዘዣና ፓራሲታሞል አብዛኛውን ሕመም ሲይዙ ግን እነዚህ ክኒኖች ጨርሶ ሳይፈለጉ ይቀራሉ፤ ቢፈለጉም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነው።

ቤት ውስጥ ራስን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት እብጠቱንና ውጥረቱን ይቀንሳል። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተሠራ የጨው ፈሳሽ አፍንጫን ማጠብ የደረቀውን ደም ያነሣል። መናፈጥ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይፈቀድም፤ ማስነጠስ ሲመጣም አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው።

ከአራተኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ የነበረ ሕመም መልሶ ቢበረታ፣ ትኩሳት ቢጨመርበት፣ የማይቆም ነስር ቢመጣ፣ የዓይን እይታ ቢደበዝዝ ወይም ዓይን ቢያብጥና ወደ ፊት ቢገፋ፣ ጎንበስ ሲሉ ከአንድ አፍንጫ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ቢል፣ ከራስ ምታት ጋር አንገት ቢደርቅ፣ ይህ የቁስል ሕመም አይደለም። ሌሊትም ይሁን የበዓል ቀን፣ ሌላ ማስታገሻ ውጦ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።